ዘሩ ሲሄድ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል፦ ከእንዶድና ከጤፍ ታሪክ ለእንሰታችን የሚሆን ትምህርት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ተባይ አይደለም፣ ስለ ታሪክ ነው። ታሪክ ቢሆንም ግን ከጓሯችን የራቀ አይደለም።

ተመራማሪ ወደ ቀበሌያችን መምጣቱ የተለመደ ነው። አንዱ የእንሰት ችግኝ ይጠይቃል። ሌላው ከጉድጓድ የወጣ ቆጮ በላስቲክ ይወስዳል። ሌላው ደግሞ ወረቀት ይዞ "ይህን እንዴት ነው የምትሠሩት?" እያለ ይጽፋል። እኛም እንግዳ አክባሪዎች ስለሆንን እንሰጣለን፣ እንናገራለን። መስጠቱ ደግ ነው። ግን ከሰጠን በኋላ ያ ነገር የማን ይሆናል? ይህን ጥያቄ አገራችን በደንብ የተማረችው በሌሎች ሰብሎች ነው፣ ያውም በውድ ዋጋ።

(የውጭውን ዘመን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. ብያለሁ፣ የኛን ዘመን ስጠቅስ ዓ.ም.)

ዘር ያለ ወረቀት ይሄድ የነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የእጽዋት ሊቅ ኢትዮጵያን ዞሮ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም ሰብል ዘር ሰብስቦ ሄደ። አገራችን የብዙ ሰብል መገኛ መሆኗን ለዓለም ካሳወቁት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላም ዘራችን ወደ ብዙ አገር ተጉዟል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታ የመቋቋም ባሕርይ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ ለመቋቋም ውሏል። ያን ገብስ ለዘመናት ሲመርጥና ሲዘራ የኖረው ገበሬ ግን ስሙም አልተጻፈ፣ ድርሻም አልደረሰው። በዚያን ጊዜ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባል ስለነበር ጠያቂም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ ዘራችንን የሚያስቀምጥ ማዕከል ተቋቋመ። የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻው እሱ ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ሰው ናቸው።

እንዶድ፦ እናቶች ያወቁት፣ ዩኒቨርሲቲ ያስመዘገበው

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ያጠኑ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ወንዝ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሆነው አዩ። ከዚህ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ "ራይት ላይቭሊሁድ" የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የሚገርመው፣ ዶክተር መላኩም በዚያው ዓመት ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ የውሃ ቱቦዎችን እየደፈነ አስቸገረ። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ። በ1990ዎቹ በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት ወጣ፣ ባለመብቱም አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩት የኢትዮጵያ እናቶች ከዚያ መብት ውስጥ የሉም።

ፓተንት ምንድን ነው? አንድ ሰው ወይም ድርጅት አዲስ ነገር ሲፈጥር ያንን ሌላው ያለ ፈቃዱ ለንግድ እንዳይሠራበት መንግሥት ለተወሰነ ዓመት የሚሰጠው መብት ነው። ለመስጠት ሦስት ነገር ይታያል፦ ነገሩ አዲስ መሆን አለበት፣ ለባለሙያ ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ እርምጃ ያለበት መሆን አለበት፣ ጥቅም ላይ የሚውል መሆን አለበት። ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። በአገራችን የፓተንት ሕግ አንድ ተመራማሪ በቅጥር ሥራው ላይ ሆኖ የፈጠረው ነገር፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ነው። ስለዚህ ቤታችን የሚመጣው ሰው ደግ ቢሆንም ውጤቱን የሚይዘው ተቋሙ ነው።

ጤፍ፦ ውሉ ዘሩን አሰረ፣ ፓተንቱ በዱቄቱ ገባ

እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ተፈረመ፣ ኢትዮጵያም በ1994 አጸደቀችው። ከዚያ ወዲህ የአንድ አገር ዘር የዚያ አገር ሀብት ነው፣ የሚወስድ ሰው አስፈቅዶ ይወስዳል፣ ጥቅሙንም ያካፍላል ተባለ።

በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 የኛ የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተፈራረሙ። ጤፍ ግሉተን የሌለው በመሆኑ አውሮፓ ውስጥ ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች ተፈላጊ ነበር። ኩባንያው ከትርፉ ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ቃል ገባ። በጤፍ ዘር ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅም በውሉ ተጻፈ። ያን ጊዜ ውሉ ለዓለም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ነበር።

ነገር ግን ከውሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በዚያው በኔዘርላንድ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በ2007 ፈቀደ። የፓተንቱ ዋና ሐሳብ ጤፉ ከታጨደ በኋላ አርፎ፣ ለዱቄት የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ይፈጭ የሚል ነው። እንግዲህ አዲስ እህልና የከረመ እህል ሲጋገር አንድ እንዳልሆነ ለኛ እናቶች ማን ይነግራቸዋል?

ውሉ የሚለው ዘር ነበር። ፓተንቱ የገባው በዱቄቱ በኩል ነው። ዘሩ በር ላይ ተጠበቀ፣ አሠራሩ በመስኮት ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ውሉ ከከሰረው ኩባንያ ጋር አብሮ ሞተ፣ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ መኖሩን ቀጠለ። ያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ሌላ የጤፍ ዱቄት ነጋዴን "መብቴን ነካህ" ብሎ ፍርድ ቤት አቆመ። በኅዳር ወር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ሻረው። ወሬው በ2019 መጀመሪያ ላይ ሲሰማ አገር ተደሰተ። ሆኖም ልብ በሉ፣ ክርክሩን ያሸነፈው ሌላ ነጋዴ ነው። ለዓመታት ያለቀው ጊዜ ደግሞ አልተመለሰም።

ታዲያ በራችንን እንዝጋ?

አይደለም። መስጠት ባይኖር ቁንጮ ጤፍም አይኖርም ነበር። ደብረ ዘይት ያሉ ተመራማሪዎች ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን አዳቀሉ። ዱከም የሚባለው ምርታማ ነው፣ ግን ዘሩ እንደሚፈለገው ነጭ አይደለም። ማኛ የሚባለው በጣም ነጭ ነው፣ ግን ምርቱ ዝቅ ይላል። ከሁለቱ ቁንጮ ወጣ፣ በ1998 ዓ.ም. ተለቆ በብዙ ክልል ተዘራ። የዘሩ መነሻ ገበሬው ጋ ያለ ጤፍ ነው፣ ውጤቱም ተመልሶ ገበሬው ማሳ ላይ ወደቀ። የቴክኖሎጂ ሽግግር ማለት ይኸው ነው፦ የሄደው ነገር ተሻሽሎ ሲመለስ።

ጨንቻም ይህን ታውቀዋለች። አፕል በሚሲዮናውያን እጅ ነው የመጣው። ማዳቀሉን (ግራፍት ማድረጉን) የኛ ሰዎች አይተው ተማሩ፣ ዛሬ የጨንቻ ችግኝ በሌላ ክልል ሁሉ ይፈለጋል። እኛም ከሌላው ተቀብለን ተጠቅመናል ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ መስጠትና መቀበል ላይ አይደለም። ሚዛኑ ላይ ነው።

አሁን ወደ እንሰት

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም አጋሮቻቸው ጋር ሆነው የጋሞ ደጋ እንሰት እንዴት እንደሚብላላ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ቆጮውን የሚያኮመጥጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት እንደሆኑ፣ መጀመሪያ አንዱ ዓይነት ሥራውን ጀምሮ ሌላው እየተተካ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከዚህ በመነሳትም የተዘጋጀ እርሾ፣ የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያ ላይ ተሠርቷል። እናቶቻችን ሲፍቁና ሲጨምቁ የሚደርስባቸውን ድካም ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊደገፍ ይገባል።

እዚህ ላይ ግን የጤፉን ነገር እናስታውስ። የእንሰት ችግኝ አንድ ነገር ነው። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚፋቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጓሮ ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው እናቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለቱም ሀብት ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘር ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን የሚመለከት ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

• ያለ ፈቃድ ማንም የዘር ሀብታችንን ወይም እውቀታችንን ለዚህ ዓይነት ሥራ መውሰድ አይችልም። ፈቃድ ሰጪው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።
• ማኅበረሰቡ ቀድሞ ተነግሮት፣ ገብቶት መስማማት አለበት።
• መንግሥት ከጥቅሙ በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው።
• እኛ እርስ በርስ ዘር መለዋወጣችን እንደ ልማዳችን ይቀጥላል፣ ማንም አይከለክለንም።

ምን እናድርግ?

1. ማንነቱን ጠይቁ። ከየትኛው ተቋም ነው? ደብዳቤ አለው? ቀበሌው ያውቀዋል? የሚወስደው ነገር ከአገር ይወጣል ወይ? ከወጣ የኢንስቲትዩቱ ፈቃድ የት አለ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ደህና ተመራማሪ አይከፋውም።

2. "ዘር ነው የምትፈልገው ወይስ አሠራሩን?" በሉ። ሁለቱም ከሆኑ ሁለቱም በወረቀት ይጻፉ። የጤፉ ትምህርት ይኸው ነው።

3. ስሙ ይጻፍ። የእንሰቱ ዝርያ በጋሞኛ ስሙ፣ ቀበሌው፣ እውቀቱ ከማን እንደተሰማ ይመዝገብ። እናንተም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ያዙ። ነገ አንድ ሰው "እኔ ፈጠርኩት" ቢል ቀድሞ የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል።

4. "ውጤቱ መቼ ይመለስልናል?" በሉ። በዩኒቨርሲቲዎች የቴክኖሎጂ ሽግግርን የሚከታተል ክፍል አለ። ጥያቄያችሁን እዚያ ድረስ ማቅረብ ትችላላችሁ።

5. የጋራ የሆነውን በጋራ ወስኑ። የአባቶች እውቀት የአንድ ሰው ንብረት ስላልሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈርምበት አይገባም። ዱቡሻ አለን፣ ነገሩ እዚያ ይቅረብ። የእንሰቱን ሥራ የሚያውቁት ሴቶች ናቸውና ሲወሰን እናቶችም ይሰሙ።

6. አዲስ መሣሪያ የሠራችሁ ወጣቶች ካላችሁ፣ ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን አማክሩ። ለሕዝብ የታየ ነገር "አዲስ" መባሉ ሊያጠያይቅ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ስልክ ለሌለው ጎረቤት፣ በተለይ እንሰት ለሚፍቁ እናቶች አንብቡላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።