ቁማር፤ ማስታወቂያውና ሕጉ

ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የነገሥታትንና የጦርነትን ነገር ነው። እኛ ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት የመረጥነው ታሪክ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በየኪሳችን ከያዝነው ስልክ ጋራም የተያያዘ ነው። ይኸውም ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች በኢንተርኔት መፈለጊያቸው ላይ የቁማር ማስታወቂያ እያወጡ ገንዘብ ሲቀበሉ ከቆዩ በኋላ፤ ሕግ ስላስጨነቃቸው ነገሩን እንዴት እንደተዉት የሚያስረዳ ነው። ለይተን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

«ይህ ነገር ለዲጋ ሰው ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የወጣቶችን ጨዋታ ያዳምጥ። ስለ እንግሊዝ አገር ኳስ ሲያወሩ «ማን አሸነፈ?» ከሚለው ይልቅ «ማን በላ? ማን ተበላ?» የሚለው ይበዛል። የቡና ለቀማ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ በእጅ የገባው ብር ብዙ ሳያድር የሚሄድበትን መንገድ ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ነገሩን አጥብቀን ለመመርመር የተነሣነው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ የሩቅ አገር ወሬ ስለሚያስደስተን አይደለም።

ዕጣ መጣል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። መንግሥታት ግን አንዳንዱን ዕጣ ፈቅደው አንዳንዱን ከልክለዋል። በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በእነርሱ 1961 መሆኑ ነው። እኛን የገረመን የዓመቱ መገጣጠም ነው። በዚያው በ1961 በመስከረም ወር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ «የሽቦ ሕግ» ተብሎ የሚጠራውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ውርርድን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው በቴሌፎንም ሆነ በቴሌግራም ሽቦ ውርርድን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ወይም ወደ ውጭ አገር እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ያን ጊዜ የሕግ ሚኒስትር የነበሩት የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ሕጉን የፈለጉት የወንበዴዎች ማኅበር ከቁማር የሚያገኘውን ገንዘብ ለማድረቅ ነበር። ኢንተርኔት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አልታሰበም።

ከ33 ዓመት በኋላ፤ በ1994፤ አንቲጓና ባርቡዳ የተባለችው ትንሽ የካሪቢያን ደሴት አገር በኢንተርኔት ቁማር ለሚያጫውቱ ኩባንያዎች ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ቤቱ በደሴቲቱ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ግን በኒው ዮርክ ወይም በቴክሳስ በገዛ ቤቱ ተቀምጧል። የአሜሪካ መንግሥት በመጀመሪያ የያዘው የቤቱን ባለቤቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ ጄይ ኮሄን በአንቲጓ የስፖርት ውርርድ ቤት ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ነበረ። በተከሰሰ ጊዜ በደሴቲቱ መቅረት ሲችል፤ ሥራዬ የተፈቀደ ነው ብሎ ወደ አገሩ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2000 በዚያ በ1961 በወጣው የሽቦ ሕግ ተፈረደበትና 21 ወር እስራት ተቀበለ። ሌሎቹ የቁማር ቤት ጌቶች ግን ይህን አይተው ከደሴታቸው ንቅንቅ አላሉም። የሕግ ክንድ ባሕር ሊሻገር አልቻለም።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና መታጠፊያ ይመጣል። በከብት ገበያ የተሰረቀ በሬ ሲሸጥ ቢገኝና ሌባው ቢያመልጥ፤ ሕዝቡ ይዞ የሚጠይቀው ደላላውን ነው። ደላላው፤ «እኔ ገዢና ሻጭ አገናኘሁ እንጂ አልሰረቅሁም» ይላል። ዳኛው ግን፤ «መሰረቁን እያወቅህ ዋጋህን ከተቀበልህ ግብረ አበር ነህ» ይለዋል። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም ያደረገው ይህንኑ ነው። በሰኔ ወር 2003 ጆን ማልኮም የተባሉ የመሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማኅበርና ለመሰሎቹ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው አሳብ፤ በባሕር ማዶ ያሉት የኢንተርኔት ቁማር ቤቶች ሕግ ተላላፊዎች ስለሆኑ ማስታወቂያቸውን በዋጋ የሚያወጣም የወንጀሉ ረዳት ተብሎ ሊከሰስ ይችላል የሚል ነው። ማስጠንቀቂያ ነበር እንጂ ክስ አልነበረም። ነገር ግን በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ የተጀመረው ምርመራ ለማስታወቂያ አውጪዎች የመጥሪያ ወረቀት ሲልክ፤ ደብዳቤው ባዶ ቃል እንዳልሆነ ሁሉም ተረዳው።

የመፈለጊያ ኩባንያዎች ከሬዲዮና ከጋዜጣ የሚለዩበት ነገር አለ። ጋዜጣ ማስታወቂያውን ለሁሉ እኩል ያሳያል። በመፈለጊያ ግን የሚሸጠው ቃል ነው። ሰው «ካዚኖ» ወይም «ፖከር» ብሎ በጻፈ ጊዜ ስማቸው ከላይ እንዲወጣ የሚፈልጉ ነጋዴዎች እንደ ጨረታ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ፈላጊውም ማስታወቂያውን በተጫነ ቁጥር ነጋዴው ይከፍላል። ጉግል ይህን የመሰለ ማስታወቂያ የጀመረው በ2002 ሲሆን፤ ያሁ ደግሞ የዚህ ንግድ ቀዳሚ የነበረውን ኦቨርቸር የተባለ ኩባንያ በ2003 ገዛ። እንግዲህ ኩባንያው በገበያው መካከል ቆሞ የሚጠራ ብቻ አይደለም፤ ቁማር ቤት የጠፋበትን ሰው ይዞ እስከ ደጁ የሚያደርስ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከጋዜጣው ይልቅ የደላላው ምሳሌ ለእርሱ ይስማማዋል።

በሚያዝያ ወር 2004 ያሁና ጉግል የኢንተርኔት ቁማር ማስታወቂያ መቀበል እንደሚያቆሙ አስታወቁ። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ሹማምንት፤ አንድ የኮስታ ሪካ ፖከር ቤት ለማስታወቂያ ብሎ ለዲስከቨሪ የቴሌቪዥን ኩባንያ የከፈለውን 3.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ ያዙ። ቴሌቪዥኑ አልተከሰሰም፤ ገንዘቡ ግን ተወሰደ። ይህን ያየ ነጋዴ ጠበቃውን ሳያማክር ያደረ አይመስለንም።

ሁሉም ግን ዝም አላለም። ካዚኖ ሲቲ የተባለ ድርጅት፤ ማስታወቂያ ማውጣት የመናገር ነፃነት ነው በማለት በነሐሴ 2004 በሉዊዚያና ግዛት መንግሥትን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2005 ክሱን ሰረዘው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ሊከሰስ የተቃረበ መሆኑን አላስረዳም የሚል ነው። አንባቢ እዚህ ጥቂት ይቁም። ያልተከሰሰ ሰው መክሰስ አይችልም፤ ለመከሰስ ደግሞ የሚደፍር የለም፤ ስለዚህ ደብዳቤው እውነት ሕግ ይሁን አይሁን የሚፈርድ ዳኛ ታጣ።

ወደ ፍጻሜው የደረሰው በ2007 ነው። አስቀድሞ በጥር 2006 ስፖርቲንግ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ታርቆ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2007 ደግሞ ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ከ1997 እስከ 2007 ወጡ ስለተባሉት የቁማር ማስታወቂያዎች በጠቅላላው 31.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የማይክሮሶፍት ድርሻ 21 ሚሊዮን፣ የያሁ 7.5 ሚሊዮን፣ የጉግል 3 ሚሊዮን ነበረ። ጥፋታቸውን አላመኑም፤ አልተከራከሩምም። የማይክሮሶፍት አከፋፈል በተለይ የሚያስገርም ነው፤ 4.5 ሚሊዮኑ ለመንግሥት፣ 7.5 ሚሊዮኑ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናትን ለሚረዳ ድርጅት ሲሆን፤ የቀረው 9 ሚሊዮን የኢንተርኔት ቁማር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለወጣቶች በሚያስረዳ ማስታወቂያ የሚከፈል ነበረ። ትናንት «ኑ» ሲል የነበረው ገጽ ዛሬ «አትሂዱ» እንዲል ታዘዘ ማለት ነው።

እኛ ይህን ስናነብ የጄይ ኮሄን ነገር ትዝ አለን። ራሱ ተመልሶ በፍርድ ቤት ፊት የቆመው ሰው ታሰረ፤ ቁማርተኛውን ወደ ቤቱ ሲመሩ ዋጋ የተቀበሉት ግን አንድ ቀን ሳይታሰሩ፤ ጥፋታቸውንም ሳያምኑ በገንዘብ ጨረሱት። ሕጉ ማስታወቂያውን ማስቆሙ ጥሩ ነው እንላለን፤ ሚዛኑ ግን እኩል ነው ለማለት አንደፍርም።

ከዚያም በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። ታላቅዋ ብሪታንያ በ2005 አዲስ የቁማር ሕግ አውጥታ በ2007 በሥራ ላይ ስላዋለችው፤ ጉግል በጥቅምት 2008 በዚያ አገር የቁማር ማስታወቂያ መቀበል ጀመረ። በ2011 የአሜሪካው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ራሱ የሽቦ ሕግ የሚመለከተው የስፖርት ውርርድን ብቻ ነው የሚል አሳብ አወጣ። እንግዲህ የፖከርና የካዚኖ ማስታወቂያን በዚህ ሕግ መከልከሉ ከመጀመሪያው ያጠራጥር ነበር ማለት ነው። በ2018 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1992 የወጣውን የስፖርት ውርርድ ክልከላ ስለሻረው ብዙ ግዛቶች ውርርድን ፈቀዱ፤ ማስታወቂያውም በቴሌቪዥንና በስልክ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። ዛሬ ጉግል የቁማር ማስታወቂያ የሚቀበለው በፈቀዳቸው አገሮች ብቻ ሲሆን፤ አስነጋሪውም አስቀድሞ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት።

ጎረቤታችን ኬንያም ይህን ፈተና አይታዋለች፤ በሚያዝያ 2025 የቁማር ተቆጣጣሪው ቦርድ የቁማር ማስታወቂያን ሁሉ ለ30 ቀን አግዶ ነበር። የእኛ አገር ነገር ግን ከአሜሪካው ታሪክ በአንድ ነገር ይለያል። የስፖርት ውርርድ ቤቶቻችን ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየተሰጣቸው የተከፈቱ ስለሆኑ፤ መንግሥት ቤቱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። የባሕር ማዶዎቹ ግን በዚያው ስልክ ይገባሉ፤ ማስታወቂያቸውም ሳንፈልገው ይመጣል እንጂ እንደ ድሮው ቃል ጽፈን የምንጠራው አይደለም። አንዳንዱን የሚያሰራጨው እንደ ጉግል ያለ አድራሻው የታወቀ ኩባንያ ሳይሆን፤ በቴሌግራም ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት ነው። ይህን በክፍላችን ክርክር ባነሣን ጊዜ ግማሾቻችን «እርሱም ደላላ ነውና ይጠየቅ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «እንደ ኮሄን ትንሹ ብቻ ተይዞ እንዳይቀር» አልን። ክርክሩ የቆመው የመምህራችን ሰዓት ስላለቀ ነው።