ተስማሚ

ተስማሚ አንድ ነገር ከታሰበለት ሰው፣ ሥራ፣ ቦታ ወይም ጊዜ ጋር የሚሄድ መሆኑን የሚገልጽ የአማርኛ ቅጽል ነው። ተቃራኒው «የማይስማማ» ሲሆን የነገር ስሙ «ተስማሚነት» ነው።

አመጣጥ

ቃሉ «ተስማማ» ከሚለው ግሥ ወጥቷል። የዚህ ግሥ መሠረት «ሰማ» ሲሆን በግዕዝ «ሰምዐ» ይባላል። ከ«ገባ» «ተግባባ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ሰማ»ም «ተስማማ» ይወጣል፤ መነሻ ሐሳቡ እርስ በርስ መደማመጥ ነው። ተመሳሳይ ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛው «ሱተብል» ግን በፈረንሳይኛ በኩል «መከተል» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው።

አጠቃቀም

ቅጽሉ ብዙ ጊዜ «ለ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር ይነገራል። ለምሳሌ መሬቱ ከብርዳም ደጋ ተነስቶ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች በሚወርድበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ደጋው ለገብስ፣ ወይና ደጋው ለጤፍ፣ ቆላው ለማሽላ ተስማሚ ነው ይባላል። ግሡ ስለ ጤናም ይነገራል፦ «መድኃኒቱ ተስማማኝ»፣ «የቆላው አየር አልተስማማውም»። «ከጎረቤቱ ጋር ተስማማ» ሲባል ግን አለመጣላትን ወይም በአንድ ሐሳብ መጽናትን ያመለክታል።

ተቀራራቢ ቃላት

«አመቺ» እና «ምቹ» ለሥራ ወይም ለኑሮ የማያስቸግረውን ይገልጻሉ። ዙሪያው ገደል የሆነው አምባ መቅደላ ለምሽግ አመቺ ነበር። ወደዚያ የሚወስደው አገር ግን ለከባድ መድፍ አመቺ ስላልነበረ፣ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን «ሴባስቶፖል» ለማድረስ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው።

«ብቁ» ችሎታን ወይም የተሟላ መስፈርትን ያሳያል፦ «ለሥራው ብቁ ነች»።

«ተገቢ» ከ«ገባ» የወጣ ሲሆን መብትን፣ ግዴታንና ሥርዓትን ይመለከታል። ስለዚህ ተስማሚ የሆነ ሁሉ ተገቢ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ከያዘ በኋላ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍትና ታቦታት ዛሬም በአብዛኛው በብሪታንያ ይገኛሉ። አንድ ብራና የተቀመጠበት ክፍል በሙቀቱና በእርጥበቱ መጠን ተስማሚ ሊሆን ይችላል፤ ብራናው በዚያ መቀመጡ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው በመሣሪያ ይለካል፤ ሁለተኛው የባለቤትነትና የፍትሕ ጉዳይ ነው።