የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የአየር ሰስፔንሽን ሥርዓት፦ ገዢዎችና ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የታክስ ማበረታቻ ከተፈቀደና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታዩ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ በተለመደው የብረት ሞላ ምትክ በታመቀ አየር የሚሠራ ሰስፔንሽን አላቸው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ተገልጋዮች የሥርዓቱን ጥቅምና አደጋ ተገንዝበው ግዢያቸውንና አጠቃቀማቸውን በእውቀት ላይ እንዲመሠርቱ ለማስቻል ነው።

1. ምንነቱና አሠራሩ

የአየር ሰስፔንሽን የተሽከርካሪውን ክብደት የሚሸከመው ከጎማ በተሠሩና በታመቀ አየር በተሞሉ ከረጢቶች ነው። አየሩን የሚያምቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕረሰር ሲሆን፣ ማድረቂያው እርጥበቱን ያስወግዳል፤ ቫልቮች ደግሞ አየሩን ለየከረጢቱ ያከፋፍላሉ። በየጎማው አጠገብ የሚገኙ ሴንሰሮች የተሽከርካሪውን ከፍታ እየለኩ ለመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ያሳውቃሉ። በዚህም መሠረት ተሳፋሪና ጭነት ሲጨምር ተሽከርካሪው ሳያዘነብል ከፍታውን ይጠብቃል፤ በፍጥነት ሲጓዝ ዝቅ በማለት የአየር ግፊያን ስለሚቀንስ የባትሪ ኃይል ይቆጥባል፤ በአስቸጋሪ መንገድ ላይ ደግሞ በአሽከርካሪው ትእዛዝ ከፍ ይላል።

2. በየትኞቹ አውቶሞቢሎች ላይ ይገኛል?

ሥርዓቱ በአብዛኛው የሚገጠመው ዋጋቸው ከፍ ባሉ ሞዴሎች ላይ ነው። ለምሳሌ የመርሴዲስ ቤንዝ ኢኪውኤስ በመደበኛነት፣ ዚከር 001 ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ስሪቶቹ ላይ ይዘውት ይቀርባሉ። በአንጻሩ ቮልስዋገን አይዲ 4፣ ቶዮታ ቢዜድ 4 ኤክስ እና ቢዋይዲ ሲገል የሚሠሩት በብረት ሞላ ነው። አንድ ሞዴል በተለያዩ ስሪቶች ሊቀርብ ስለሚችል፣ ገዢው የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የስሪቱን ዝርዝር ማረጋገጥ ይኖርበታል። የሞዴሎቹ ስም የተጠቀሰው ለማብራሪያ ብቻ ሲሆን አንዱን ከሌላው ለማስመረጥ አይደለም።

3. ዳገታማ በሆኑ አካባቢዎች የሚደረግ ጥንቃቄ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ እንደሚገኘው ቁስቋም ባሉ አካባቢዎች የሚኖሩ ባለንብረቶች ለሦስት ጉዳዮች የተለየ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።

የመጀመሪያው የባትሪው ደኅንነት ነው። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ባትሪው የሚገኘው ከወለሉ በታች ነው። ቁልቁለት በሚያልቅበት፣ የግቢ መግቢያ በሚጀምርበት ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለበት ቦታ ሆዱ ከመሬት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ ከፍታውን አስቀድሞ መጨመር ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ጭማሪው የተወሰነ ነው። ለምሳሌ በኢኪውኤስ 25 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የሚያገለግለውም በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ ነው። በመሆኑም ከፍ ማድረግ ጎርፍን ወይም ጥልቅ ጉድጓድን ለመሻገር ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፕረሰሩ ከውጭ የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ ከፍና ዝቅ ማድረግ መሣሪያውን ያግለዋል፤ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል።

ሦስተኛው ጭቃና ጠጠር ነው። በክረምት ወራት በከረጢቶቹ ዙሪያ የሚጠራቀመው ጭቃ ደርቆ ጎማውን ስለሚፍቀው፣ ከታች በለስላሳ የውኃ ግፊት ማጠብ ይመከራል።

4. የብልሽት ምልክቶች

• ተሽከርካሪው አድሮ ጠዋት በአንድ ጎን ወይም በአንድ ማዕዘን ወርዶ መገኘት፤
• ኮምፕረሰሩ በየጥቂት ደቂቃው መነሳት ወይም ለረጅም ጊዜ አለማቆም፤
• ከጎማ አካባቢ የአየር ማፈትለክ ድምፅ መሰማት፤
• በዳሽቦርድ ላይ የሰስፔንሽን ማስጠንቀቂያ መብራት።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ተሽከርካሪ ጥቂት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተነሥቶ ካልተስተካከለ ማሽከርከር አይገባም፤ ጎማው ከአካሉ ጋር ሊፋተግ፣ ባትሪውም ሊመታ ይችላል። አነስተኛ ቀዳዳ በወቅቱ ካልተጠገነ ኮምፕረሰሩ የሚያፈተልከውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ፣ በአንድ ከረጢት ጥገና ሊያልቅ የሚችለው ወጪ ወደ ኮምፕረሰር ቅያሪ ያድጋል።

5. ጎማ ሲቀየርና ተሽከርካሪው ሲጫን

ይህ ክፍል የሰው ሕይወትን የሚመለከት ነው። ሥርዓቱ በሥራ ላይ እያለ ተሽከርካሪው በክሪክ ከተነሣ፣ ኮምፒውተሩ ከፍታውን ለማስተካከል ሲል አየር ሊያስወጣና አካሉ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለሆነም ከማንሳት በፊት የክሪክ ሁነታውን ከተሽከርካሪው ማውጫ ማብራት፣ ለጎሚስታው ወይም ለመካኒኩ በግልጽ መንገር፣ እንዲሁም ያለ ቋሚ ድጋፍ ማንም ሰው ከሥሩ እንዳይገባ ማድረግ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። የተበላሸ ተሽከርካሪ በገመድ ከመጎተት ይልቅ በመጫኛ መኪና ላይ ተጭኖ መወሰድ አለበት።

6. ከግዢ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው

• ሰስፔንሽኑ የአየር ወይም የብረት መሆኑ በሽያጭ ውሉ ላይ መገለጹን፤
• ዋስትናው ከረጢቶቹንና ኮምፕረሰሩን ማካተቱን፤
• መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ መሆኑንና የሚቀርብበትን ጊዜ፤
• የአምራቹ መመሪያ በሚነበብ ቋንቋ መሰጠቱን፤
• ያገለገለ ከሆነ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ከፍታው በአራቱም ማዕዘን መለካቱን።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመሆኑም ውልና ደረሰኝ በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል፤ አቤቱታ ያለው ሸማችም ለሚመለከተው የንግድ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

የአየር ሰስፔንሽንን በብረት ሞላ ለመተካት የሚያስቡ ባለንብረቶች፣ ለውጡ በፍሬን፣ በፊት መብራት አቅጣጫና በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር እንደሚችል በመገንዘብ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአምራቹን ወኪልና የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍን እንዲያማክሩ ይመከራሉ። የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች እንደታዩ ማስመርመር የባለንብረቱንም የእግረኛውንም ደኅንነት ያስጠብቃል።