የባሮ መርከብ ማኅደር

አምቦ የገባ ሰው የነቀምትን አውራ መንገድ ያገኛል። የወለጋ ቡና ዛሬ በዚሁ መንገድ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ የሚነሣው ቡና፣ ቆዳና ሰም በሲራራ ነጋዴ አጋሰስ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ካርቱም ይደርስ ነበር። መርከቡ ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመጣ ነበር።

የዚህ ንግድ መሠረቱ ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ምክንያት ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው እርሱ ነውና። አራተኛው አንቀጽ ግን የሚገባውን ያህል አልተነበበም። በኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ይፈቅዳል። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ሽቅብ ያለው ጋምቤላ ሆነ።

መርከቡ የሚሄድበት የባሮ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አያስኬድም። መርከብ መንቀሳቀስ የሚችለው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ፣ ክረምቱ ውኃውን ሲሞላው ነው። ውኃው መጉደል ሲጀምር ሳይወጣ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራል። ጥልቁንና አሸዋውን ለይቶ የሚያውቀው መሪው ብቻ ነበር፤ አሸዋው ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይለውጣል።

ዛሬ ይህን ችግር የሚያቃልል መሣሪያ አለ። በመርከቡ ላይ የተተከለ የሬዲዮ መሣሪያ ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና ፍጥነቱን በየጥቂት ሰከንዱ ያሰራጫል። በራይን ወንዝ ላይ ይህ ከኅዳር 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው። ከጥልቀት መለኪያ ጋር ሲጣመር አንዱ መርከብ ያለፈበት መስመር ለሚከተለው ካርታ ይሆናል፤ የመሪው እውቀትም ከእርሱ ጋር አይቀበርም። የራዳር ሳተላይት ደግሞ ደመናን አልፎ ያያል። ባሮ የሚሞላው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ወቅት በመሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ማኅደሩ ሲታይ የባሮ ንግድ የወደቀው አሸዋው ባለመታወቁ አይደለም። ውሉ ራሱ ኪራዩን ያጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መመለሱ የሚገባ ነበር። ነገር ግን ከጋምቤላ በታች ያለው የሶባት አገር በ1947 ዓ.ም. በተጀመረውና እስከ 1964 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. በነደደው ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ሸቀጡ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አምቦ መንገድ ዞረ።

ስለዚህ ባሮን ዳግመኛ በመርከብ ለማስኬድ የምታቅዱ ሁሉ፣ መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ያን አራተኛ አንቀጽ አንብቡት። መርከቡ ከባሮ ወርዶ የሚያልፍበት ሶባት ዛሬ በደቡብ ሱዳን ምድር ነው፤ የመጀመሪያው ድርድር መደረግ ያለበት ከጁባ ጋር ነው።