ፋይሉ አለ፣ ትምህርቱ የለም፦ ለክፍል ብሮውዘር ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ታሪክ አንብቡ

በ2021 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የላብራቶሪ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። የዕለቱ ርዕስ ካፓሲተር ነው። መምህራችን ለዓመታት ያሰባሰቧቸውን ሠላሳ የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ ማሳያዎች በፍላሽ ዲስክ ይዤ ገባሁ፤ ማብሪያውን ስትጫኑት ቻርጁ ቀስ በቀስ ሲሞላ የሚያሳዩ ዓይነት። ፕሮጀክተሩ በራ፣ ተማሪዎቹ ዝም አሉ፣ ፋይሉን ከፈትኩ። አንድ ግራጫ ሳጥን መጣ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ሁለተኛ ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ ያው ግራጫ ሳጥን። ከኋላ አንዱ ተማሪ «ቫይረስ ነው!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ጥግ ላይ ግን ከተገዛ ጀምሮ ማንም አድሶት የማያውቅ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። እሱ ላይ ፋይሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ።

እስቲ አስቡት፦ የታደሰው ኮምፒውተር እምቢ አለ፣ ያልታደሰው እሺ አለ። ለምን? መልሱን ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብን። መልሱ ደግሞ «ለክፍላችን የቱን ብሮውዘር እንጫን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሐሳብ፦ በማንኛውም ኮምፒውተር

ብሮውዘር (በአማርኛ በተዘጋጁ ስልኮች ላይ «አሳሽ» ተብሎ የምታዩት) ከሌላ ኮምፒውተር የመጣን ኮድ አንብቦ ገጽ አድርጎ የሚያሳያችሁ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ብሮውዘር በ1990 የጻፈው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ቦታው ጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል። ሰውየው ሊፈታው የፈለገው ችግር ቀላል ይመስላል። ሰርን ውስጥ ከብዙ አገር የመጡ ሳይንቲስቶች የተለያየ ዓይነት ኮምፒውተር ይጠቀሙ ነበር፤ አንዱ ላይ የተቀመጠው መረጃ ሌላው ላይ አይነበብም።

ነገሩ ግን የእሱም ብሮውዘር የሚሠራው ኔክስት በሚባል ውድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሰርን ለልምምድ የመጣች ኒኮላ ፔሎ የተባለች የሒሳብ ተማሪ ሌላ ብሮውዘር ጻፈች። ስዕል የለው፣ ማውዝ የለው፤ ጽሑፍ ብቻ መስመር በመስመር ያሳያል። ቁም ነገሩ ግን በየትኛውም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ መቻሉ ነበር። በ1993 ደግሞ ሰርን የድሩን ሶፍትዌር ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ከመነሻው ሐሳቡ «ማንም፣ በማንኛውም ኮምፒውተር» የሚል ነበር።

በዚያው በ1993 አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሬሰን እና ኤሪክ ቢና ሞዛይክ የተባለውን ብሮውዘር ሠሩ። ስዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ አብረው መታየት ጀመሩ፣ ሰዉም ጎረፈ። በዓመቱ አንድሬሰንና ጓደኞቹ ኔትስኬፕን ይዘው ብቅ አሉ።

ገጹ መንቀሳቀስ ሲጀምር

እስከዚያ ድረስ ገጹ እንደ ወረቀት ነው፤ ይነበባል እንጂ አይንቀሳቀስም። አስተማሪ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል። ፔንዱለም መወዛወዝ አለበት፣ ልብ ደም መርጨት አለበት።

የተገኘው መፍትሔ ፕለጊን ነው። ፕለጊን ማለት ብሮውዘሩ ራሱ የማያውቀውን ነገር እንዲያስኬድለት ውስጡ የሚሰካ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ማለት ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 ጃቫን አወጣ። በ1996 መጨረሻ ደግሞ ማክሮሚዲያ የተባለው ድርጅት አንድ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ገዝቶ ፍላሽ ብሎ ሰየመው፤ ኋላ በ2005 አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቅልሎ ገዛው። (ይህ ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ፍላሽ ዲስክ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም።)

ፍላሽ ለአስተማሪዎች በረከት ነበር። ብዙ ኮድ መጻፍ ሳይጠበቅባቸው ስዕል ስለው ማንቀሳቀስ ቻሉ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፔት የተባለው ፕሮጀክት እንኳን በርካታ የሳይንስ ሲሙሌሽኖቹን በጃቫና በፍላሽ ነበር የሠራው። የመምህራችንም ሠላሳ ማሳያዎች ከዚሁ ዘመን የተወለዱ ናቸው።

ያልተመረጠው ብሮውዘር

በዚህ መሃል ሌላ ነገር ተፈጠረ። ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አወጣ፤ ቀጥሎም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በነጻ ያድለው ጀመር። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ድርጅቱን ፍርድ ቤት እስከማቆም ደረሰ፤ ገበያው ግን ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ብሮውዘር አልመረጡም። ኮምፒውተር ገዙ፣ ብሮውዘሩ ውስጡ መጣ።

ተፎካካሪ ሲጠፋ ምን ሆነ መሰላችሁ? ስድስተኛው ስሪት በ2001 ወጣ፤ ሰባተኛው የመጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! በእነዚያ ዓመታት ብዙ ድረ ገጾች የተጻፉት ለኤክስፕሎረር ብቻ ነበር።

የደቡብ ኮሪያን ታሪክ እንይ። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ የምስጢር መቆለፊያ ስልት ወደ ውጭ እንዳይላክ ስለሚገድብ ኮሪያውያን ሲድ የተባለ የራሳቸውን ስልት ሠሩ። ብሮውዘሮቹ ሲድን ስለማያውቁት አክቲቭኤክስ በሚባል ተሰኪ በኩል አስገቡት። አክቲቭኤክስ ደግሞ የሚሠራው በኤክስፕሎረር ላይ ነው። ውጤቱ፦ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት የኢንተርኔት አገሮች አንዷ በሆነች አገር ሰው ባንኩን በኢንተርኔት ለመጠቀም ለብዙ ዓመታት የግድ አንድ ብሮውዘር ያስፈልገው ነበር። ክፉ ሰው የለበትም፤ በጊዜው ልክ የነበረ ውሳኔ ነው ኋላ ወጥመድ የሆነው።

ፊደላችንም ሳጥን ሆኖ ያውቃል

ይህ የሌላ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ያውም እያንዳንዱ ፎንት በራሱ አደራደር። ስለዚህ ገጹ የተጻፈበት ፎንት እናንተ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የምታዩት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው።

ከ1999 በኋላም ቢሆን ፎንቱ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ መኖር ነበረበት፤ ከሌለ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 አካባቢ ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡት ምንም ሳትጭኑ ነው አይደል? ምክንያቱ ሁሉም የተስማማበት አንድ የጋራ ሕግ መኖሩ ነው።

ግራጫው ሳጥን ከየት መጣ?

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንመለስ። ፕለጊኖች ትልቅ ድክመት ነበረባቸው፤ ለሰርጎ ገቦች የተመቹ ክፍተቶች በየጊዜው ይገኙባቸዋል። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን ጭራሽ አልተቀበለም። እስከዚያው ድረስ ኤችቲኤምኤል5 የተባለው አዲሱ የድር ሕግ አደገ፤ ቪዲዮውም እንቅስቃሴውም ያለ ፕለጊን በብሮውዘሩ በራሱ የሚሠራ ሆነ። በ2015 ክሮም የጃቫ ማሳያዎች የሚሰኩበትን በር ዘጋ። አዶቤ በ2017 «ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ያበቃል» ብሎ አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 12፣ 2021 ጀምሮም የመጨረሻዎቹ የፍላሽ ማጫወቻዎች ይዘት ማሳየት አቆሙ።

ያ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር የሠራው ማስታወቂያው ስላልደረሰው ነው። ማጫወቻው አሮጌ፣ ብሮውዘሩም አሮጌ። ግን እሱን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ማለት በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የሆነውን ለመምህራችን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ እኔኮ ፋይሉን ካስቀመጥኩ ትምህርቱን ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ካሴቱ አለ፣ ቴፑ ግን የለም ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

ዛሬ ብዙ ብሮውዘር ያለ ይመስላል፤ ሞተራቸው ግን ጥቂት ነው። ክሮም፣ ከ2020 ወዲህ ያለው ኤጅ እና ኦፔራ ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሞተር ነው። ፋየርፎክስ የራሱ አለው፣ የአፕሉ ሳፋሪም የራሱ አለው። ስለዚህ «ይህ ገጽ በክሮም ብቻ ይሠራል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የኤክስፕሎረርን ዘመን አስታውሱ። ለክፍል ስትመርጡ፣ ወይም መምህራችሁ ምክር ሲጠይቋችሁ፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንሱ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተራችን ላይ ብሮውዘሩ አሁንም ይታደሳል? ክሮም ዊንዶውስ 7 ላሉባቸው ኮምፒውተሮች አዲስ ስሪት ማውጣት ያቆመው በ2023 ነው። ፋየርፎክስ ግን ለእነዚሁ ኮምፒውተሮች 115ኛውን የተራዘመ ድጋፍ ያለውን ስሪት ይዞ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ከዚያም በኋላ ቀጠለ። አሮጌ ኮምፒውተር ለበዛበት ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በሁለት የተለያየ ሞተር ይከፈታል? ክሮምና ፋየርፎክስን ሁለቱንም ጫኑ፤ ከክፍለ ጊዜው በፊት ትምህርቱን በሁለቱም ሞክሩት። ክሮምና ኤጅ ላይ መሞከር ግን ሁለት ጊዜ መሞከር አይባልም።

ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ፔት ዛሬ በኤችቲኤምኤል5 የተጻፉ ሲሙሌሽኖቹን አንድ በአንድ እንደ ፋይል አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ እንድትከፍቷቸው ይፈቅዳል። ለእኛ ክፍሎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ኤፍ12 የሚለውን ቁልፍ ይጫን። ከሚከፈተው መስኮት «ኔትወርክ» የሚለውን መርጦ ገጹን እንደገና ቢጭነው ገጹ ስንት ሜጋባይት እንደሚበላ ያየዋል። ለአርባ ተማሪ አባዙት፤ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

አራተኛ፣ የምንጨምረው መሣሪያ ምን ፈቃድ ይጠይቃል? ብሮውዘር ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ተጨማሪ መሣሪያዎች አሉ፤ መዝገበ ቃላት፣ የስክሪን መቅረጫ፣ ማስታወቂያ ከልካይ። አንዳንዶቹ «በምትከፍቷቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንድ መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ለምን ፈለገ? ሃምሳ ተማሪ የይለፍ ቃሉን በሚያስገባበት የጋራ ኮምፒውተር ላይ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ከአራቱም በላይ ግን ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። የትኛውም ብሮውዘር ዘላለማዊ አይደለም፤ ኔትስኬፕ ሄዷል፣ ኤክስፕሎረርም በ2022 ተሰናብቷል። ዕድሜ የሚኖረው ብሮውዘሮች ሁሉ በተስማሙበት የጋራ ሕግ የተጻፈ ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀላል ኤችቲኤምኤል የተጻፉ ገጾች ዛሬም በስልካችሁ ይከፈታሉ፤ በ2010 በፍላሽ የተሠራው ማሳያ ግን አይከፈትም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመርጡት ትምህርቱ የተጻፈበትን መንገድ ይሁን፤ ብሮውዘሩ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

የመምህራችን ፋይሎችስ? ሙሉ በሙሉ አልሞቱም። ራፍል የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በጎ ፈቃደኞች የፍላሽን ማጫወቻ እንደ አዲስ ጽፈው በዘመናዊ ብሮውዘር ውስጥ ያለ ፕለጊን እንዲሄድ አድርገውታል። አንድ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ ሃያ ሁለቱ ተከፈቱ። ካፓሲተሩ ግን ከተከፈቱት ውስጥ አልነበረም። እሱን ያን ቀን «ቫይረስ ነው» ያለው ተማሪ ከጓደኛው ጋር በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ጻፈው። ከመቶ መስመር ብዙም አልበለጠም።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ የምትወዱትን የትምህርት ፋይል ወይም ገጽ ምረጡ። በሁለት ብሮውዘር ክፈቱት፣ ከዚያ ዳታችሁን አጥፍታችሁ እንደገና ሞክሩት። ግራጫ ሳጥን ከመጣ ጊዜው ሳያልፍ አወቃችሁ ማለት ነው።