ሂካ፣ ነሲብ፣ ኦኔሲሞስ

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ለዲጋና ለነቀምት ሰው አዲስ አይደለም። የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ግን ሰውየውን ትቶ ስማቸውን ይከተላል። ለነገሩ ስማቸው አንድ አልነበረም።

ሲወለዱ ሂካ ተባሉ። በኦሮምኛ «ሂኩ» መፍታት ነው፤ የታሰረ ገመድም ይፈታበታል፣ ንግግርም ይተረጎምበታል። እኛም በአማርኛ ከብት እንፈታለን፣ ሕልምም እንፈታለን። ነሲብ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው። «በነሲብ» ስንል የምንጠራው እሱኑ ነው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ምጽዋ የደረሱ ሰው ይህን ስም ተሸክመው መዞራቸው ያስገርማል።

በ1872 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ሲጠመቁ ኦኔሲሞስ ሆኑ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስሙ ይኸው ነበር። ጳውሎስ በስሙ ትርጉም ይጫወታል፦ ቀድሞ የማይጠቅምህ፣ አሁን የሚጠቅም ሆኗል ዓይነት።

ግሪኩ የስሙን ጅራት እንደ አገባቡ ይቀያይራል። ባለቤት ሲሆን ኦኔሲሞስ፣ ተሳቢ ሲሆን ኦኔሲሞን፣ «የኦኔሲሞስ» ለማለት ኦኔሲሙ፣ ሲጠሩት ኦኔሲሜ። ሮማውያን ስሙን ሲወስዱ የራሳቸውን ጅራት ቀጠሉበት፦ ኦኔሲሙስ፣ ኦኔሲሙም፣ ኦኔሲሚ። እኛ ግን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ብለን፣ «ስ»ን እንደ ሥር ቆጥረን «አናሲሞስን» እንላለን። በጅራት ላይ ጅራት!

ከሁሉ የሚገርመው ፊልሞና ነው። የግሪኩ ስም ፊሌሞን ነው፤ «ፊሌሞና» የሚሆነው ተሳቢ ሲሆን ብቻ ነው። የመልእክቱ ርእስ «ወደ ፊልሞና» ስለሆነ፣ የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ስሙን ከነአገባቡ ሳይወስዱት አልቀሩም። ሮማዊው በዚያው ቦታ «ፊሌሞኔም» ብሎ በራሱ ሰዋስው አስተካክሎታል።

ሂካ የተባሉት ልጅም መጽሐፉን ራሱን ወደ ኦሮምኛ ፈቱት። ከባልደረባቸው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመውበት፣ በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ነቀምት ገቡ፤ በዚያም እያስተማሩ ኖረው፣ በሰኔ 1931 አረፉ።