ቀረርቶ በጊታር

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሻዩም ይደገም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሆላንድ ልጆች ነው፤ ግን ወጉ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ደጃችን ይገባል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁና በመሀል ቀንስ ደምር እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ።

በ1979 ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ተሰባሰቡና ባንድ እናቋቁም አሉ። ማን ጊታር ይያዝ፣ ማን ከበሮ ይምታ፣ ማን ይዝፈን የሚለውን በዕጣ ለዩት። በዕጣ! ስማቸውንም ለቁንጅናው አልመረጡትም፤ «ዘ ኤክስ» አጭር ስለሆነ ግድግዳ ላይ በቀለም ረጭቶ ቶሎ ለመሮጥ ይመቻል። ያኔ አምስተርዳም ቤት ያጣ ወጣት ባዶ የተተወ ሕንፃ ሰብሮ እየገባ የሚኖርበት፣ ከፖሊስ ጋር የሚተናነቅበት ዘመን ነበር። የእነሱም ሰፈር ያ ነው።

«ጋሼ፣ ፓንክ የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ አንዱ ልጅ። ልጄ፣ ፓንክ ማለት ጣቱ ሦስት ኮርድ የያዘ ሁሉ መድረክ ይውጣ፣ የከነከነውን ይጩህ ያለ ሙዚቃ ነው። ጩኸቱ ትንሽ ሲበርድ ግን ቁጣውን ሳይጥሉ ዘፈኑን እየሰባበሩ እንደገና የሚገጣጥሙ መጡ፤ እነሱን ፖስት ፓንክ አሏቸው። ዘ ኤክስ ከእነዚህ ወገን ናቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎቻቸውን ስሰማ ወፍጮ ቤት ተኝቼ ያደርኩ ያህል ራሴን አመመኝ።

ትልልቅ ኩባንያ አልተጠጉም። ሸክላቸውን በራሳቸው ስም ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ራሳቸው ይሸጣሉ። ይኼ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛው ሙዚቃ አሳታሚ አምሐ እሸቴም በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው ሲባል በራሱ ገንዘብ አሳትሞ መርካቶም ፒያሳም አሰምቷል። ልዩነቱ የአምሐ ሙዚቃ ቤት በ1975 ሲዘጋ የሆላንዶቹ እስከ ዛሬ መኖሩ ነው። ያም ሆኖ ስማቸው ከወዳጆቻቸው ሰፈር ብዙም አልራቀም።

አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ የሰው አገር ዜማ ሲሰሙ አያልፉም። በ1984 ከበሮውን የያዘችው ካተሪና የሀንጋሪ ገበሬ ዘፈን በሀንጋሪኛ ትዘፍናለች። ይኼው ጠባይ ነው በ2002 ጊታራቸውን አስጭኖ ኢትዮጵያ ያመጣቸው። በ2004 ደግሞ ተመልሰው መጡ።

አሁን ወጉ ወደ ደጃችን ይግባ፤ እዚሁ ከከሚሴ ተነሡ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ካራቆሬን፣ አጣዬን፣ የእሑድ ገበያዋን ሰንበቴን እያለፋችሁ ውረዱ። ያ አገር የጥንቱ ይፋት ነው። በ1935 እዚያ ይፋት ውስጥ ጌታቸው መኩሪያ ተወለደ። ክራርና ማሲንቆ ነካክቶ ገና በልጅነቱ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀበለው።

የሠራው ሥራ እንዲህ ነው፦ ፎካሪ ጎራዴውን እየነቀነቀ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የሚያሰማውን ሽለላና ቀረርቶ አንድም ቃል ሳያስቀር በሳክስፎን አስገባው። ቃል ስላችሁ ግጥሙን አይደለም፤ ትንፋሹን፣ ድንገት መቆራረጡን፣ መጨረሻው ላይ የምትሰነጠቀዋን ድምፅ ነው። እዚህ ጌራርሳ የሚያውቅ ሰው አለ አይደል? እሱ ቶሎ ይገባዋል፤ ጀብዱ ሲቆጠር ጉሮሮ እንዴት እንደሚወጠር ሰምቷልና። በኋላ አሜሪካኖቹ እነ ኦርኔት ኮልማን ሳክስፎን ማስጮህ ሲጀምሩ ዓለም አዲስ ነገር መጣ አለ። የይፋቱ ሰው ግን እነሱን ሳይሰማ ቀድሞ እያስጮኸ ነበር።

በ2004 ዘ ኤክስ ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት። እዚያ የተጫወተው ከእነሱ ጋር ሳይሆን ከአንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ግን ዘ ኤክስን ሰማቸው። ይኼኔ ነው ነገሩ! የሰባ ዓመት ደፍ ላይ የደረሰ የቴአትር ቤት ሰው፣ በሱፍና በከረባት የኖረ፣ እነዚያን የግድግዳ ቀለም ረጪዎች «የሚቀጥለውን ሸክላዬን አጅቡኝ» አላቸው። ጥያቄው ከእሱ መምጣቱን ልብ በሉልኝ። እኔ አይደንቀኝም፤ በጊታራቸው ፍትጊያ ውስጥ የሽለላ ተቀባይ ሰምቶ ይሆናል።

በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ። ያሳተመው የጊታሪስቱ የቴሪ ትንሽ ሙዚቃ ቤት፣ ቴርፕ ነው። ትሮምቦንና ክላርኔት የሚነፉ እንግዶችም ጨምረዋል። ጊታሮቹ እንደ ፈረስ ኮቴ እየደቁ ይመጣሉ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ይነሣና ሁሉንም ያንበረክካል። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን ጨመሩበት፤ ለእኔ ጆሮ ግን የመጀመሪያውን አይደርስበትም። በመሀሉ አውሮፓን ዞሩ፤ በ2008 ክረምት ደግሞ ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ሜዳ ላይ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴም በወጡበት ምሽት ተጫወቱ። ጌታቸው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ ነበር የሚቆመው። ፈረንጆቹ በሸሚዝ ከኋላው ይዘሉ ነበር።

በ2016 ኤፕሪል ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነበር። ዘ ኤክስ ግን አሁንም ይጫወታሉ።

እዚህ ከሚሴ ሻይ ቤት አንድ ቀን በስልኬ ከፈትኩት። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና «ቀረርቶ ነው» አሉ።

«አዎ አባባ፤ አጃቢዎቹ ግን ፈረንጆች ናቸው።»

«ከበሮውንስ የሚመታው?»

«ሴት ናት።»

ትንሽ ዝም ብለው አዳመጡ። «እንግዲያ ከመጀመሪያው መልሰው» አሉኝ፤ ወንበራቸውንም ወደ እኔ ጎተቱ።